ደመወዜ ይበቃን የነበረ መስሎኝ

ሰዓዳዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልሽ የቀረሁት ረስቼሽ አይደለም። ደግ ወሬ እስካገኝ እየጠበቅሁ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ደግ ወሬ ብቻ ልንገርሽ ካልኩ ምንጊዜም ላልጽፍልሽ ነው። በሕይወት ሳለሽም ክፉውን ደብቄ ደጉን ስነግርሽ ፊቴን አይተሽ ታውቂብኝ ነበር። ስለዚህ የሆነውን እንዳለ እጽፍልሻለሁ።

ነጃት ደህና ናት። አሥራ አምስት ዓመት ሞላት፣ ቁመቷም አንቺን አልፏል። ቀሚሷን በሰፋሽ ጊዜ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፈሽ ያስቀረሽውን ጨርቅ በየዓመቱ እየፈታን አስረዝመነው፣ አሁን የሚፈታ አልቀረም። እኛም ያው ከሸደር ወጣ ብሎ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነን። ጣሪያው በአንድ በኩል ያፈሳል። ስለ ትንሿ ልጃችን ስለ ሀያት ግን በኋላ እነግርሻለሁ። ስለ እሷ ከመንገሬ በፊት ሌላውን ማወቅ አለብሽ፤ አለዚያ ትፈርጂብኛለሽ። ሰምተሽ ብትፈርጂብኝም እውነትሽን ነው።

ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ የወሩ ደመወዝ ተከፈለን። ብሩን እንደ ወትሮው በኪሴ ይዤ መጣሁና በሩ ላይ ቆምኩ። ለማን ልስጥ? አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከደመወዜ ጋር የነበረኝ ሥራ አምጥቶ አንቺ እጅ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነበር። አንቺ ደግሞ የቆየ ሻሽሽን ምንጣፉ ላይ ትዘረጊና በአራቱም ጫፍ ትቋጥሪዋለሽ። አንዱ የእህል፣ አንዱ የውሃ፣ አንዱ የልጆቹ፣ አራተኛው ደግሞ «ለማይታወቅ ነገር» ነበር። አንድ ጊዜ «የማይታወቀው ነገር ምንድን ነው?» ብዬ ብስቅብሽ «ቢታወቅማ ስም እሰጠው ነበር» አልሽኝ።

እኔም ሻሹን ፈልጌ አገኘሁና እንዳንቺ በአራት ጫፍ ቋጠርኩ። ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሦስቱ ቋጠሮዎች ባዶ ሆኑ። አራተኛውን ፈታሁ፣ እሱም ሳምንት አልቆየም። ምን እንዳበላሸሁ አልገባኝም። ሥጋ አልገዛሁም፤ ለራሴ ሸሚዝ አላማረኝም። ነጃት ሻዩን አንቺ እንደምታደርጊው ያንኑ ቅጠል ሁለት ጊዜ እያፈላች ነው ያጠጣችን። ሳሙናውንም በክር አራት ቦታ ቆርጠን እንዳያልቅ ፀሐይ ላይ አድርቀነዋል። አንቺ ስታደርጊ ያየሁትን ሁሉ አደረግሁ፣ ግን አልበቃንም። በሚቀጥለውም ወር አልበቃንም።

መቼም ታስታውሻለሽ፣ መምህራን ተሰብስበን ስናወራ ሌሎቹ ደመወዝ አልበቃን እያሉ ሲያማርሩ እኔ «እኛን ይበቃናል፣ አልሐምዱሊላህ» እል ነበር። በዚያም እኮራ ነበር። ማታ ለአንቺም እነግርሻለሁ፤ አንቺም ራስሽን ትነቀንቂያለሽ። ያን ጊዜ ምን ታስቢ እንደነበር አሁን ባውቅ ምን አለ።

በሦስተኛው ወር ልጆቹ አክስት ለማለት ኤዶ የሚሏት ጎረቤታችን አሻ፣ ከእኔ እኩል ያለቀሰችልሽ አሻ፣ አንድ ትልቅ እስር ተሸክማ መጣች። ደጃፉ ላይ አውርዳ ስትፈታው የተቀዳደደ ጆንያ ነው። ግማሹ በሲባጎ ተሰፍቷል፣ ግማሹ እንዳለ ነው። አንደኛው ጆንያ ላይ ወስፌው እንደተሰካ ቀርቷል።

«መዓሊም፣ ይሄ የሰዓዳ ነው» አለችኝ፣ እንደ ወትሮዋ በመምህርነቴ ጠርታ። «ሳትጨርሰው ታመመች። የእህል ነጋዴው ጆንያዬን አለኝ።»

እኔ ምንም አልገባኝም። ሲገባኝ ደግሞ ቆሜ መስማት አቃተኝና ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ለካ እኔ ጠዋት ትምህርት ቤት ስገባ አንቺ አሻ ቤት ትገቢያለሽ። ስደተኞቹ ከሰፈሩበት በኩል የሚወጣውን ባዶ የእህል ጆንያ ነጋዴው የተቀደደውን በርካሽ ይገዛል፣ አንቺ ትሰፊለታለሽ፣ በጆንያ ቁጥር ይከፍልሻል። ስንት ዓመት ብዬ ብጠይቃት «ነጃት እግር ስታወጣ ነው የጀመረችው» አለችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ማለት ነው። ደወል ሊደወል ሲል እጅሽን ታጥበሽ፣ ልብስሽን አራግፈሽ፣ እኔ ከመድረሴ በፊት ቤት ትገኛለሽ።

አሻ ያቺን ዕለት አላዘነችልኝም። «የመንግሥት ደመወዝ በቃን ብለህ ነበር? ዋላሂ፣ ለአሥራ አምስት ቀንም አይበቃም። ሰዓዳ ናት ያብቃቃችው» አለችና ጆንያውን መልሳ አስራ ተሸከመች።

ለምን እንደደበቅሽኝ መጠየቅ አያስፈልገኝም። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። የተጋባን ሰሞን ነው። ገበያው ዳር ሻይና ዳቦ ልሽጥ ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ መነሻውንም ከአባትሽ እቀበላለሁ አልሽኝ። እኔ «ምን ጎደለብሽ? የመምህር ሚስት ገበያ ተቀምጣ ሰው ምን ይለኛል?» አልኩሽ። አልተከራከርሽኝም። ለእጄ ውሃ አፈሰስሽልኝና እራት አቀረብሽ። ያን ነገር ዳግመኛ አላነሳሽም። እኔም ሐሳብሽን ትተሽዋል ብዬ ደስ አለኝ። በቀኝ እጅሽ ጣት ላይ የነበረውን ጠቆር ያለ ደረቅ ቆዳ ስንቴ በእጄ ይዤዋለሁ። የወጥ ቤት ሥራ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። አንድ ቀን ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅሽ ምናልባት ትነግሪኝ ነበር።

ስለ ሳልሽም ላንሳ፤ ሳላነሳው አላልፍም። የጆንያ አቧራ ነው ያሳለሽ? ጅጅጋ አሥራ አንድ ቀን በተኛሽ ጊዜ ሐኪሙ ሳንባዋ ነው ከማለት በቀር ከምን እንደመጣ አልነገረኝም፣ እኔም አቧራውን አላውቅምና አልጠየቅሁትም። አንዳንድ ቀን ከአቧራው ነው እላለሁ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ሳል ያለበት ሰው ሁሉ ጆንያ ሰፊ ነው ወይ እላለሁ። የሚነግረኝ የለም። በዚህ ጉዳይ እስክሞት አላርፍም መሰለኝ።

አንድ ቀን ግን እንደ ወንድ ልነሳ ብዬ ድንበሩ ላይ ወዳለችው ቶጎጫሌ ሄድኩ። አንቺ በዓመት ሁለት ጊዜ ሄደሽ ሩዝና ፓስታ በርካሽ ይዘሽ ትመጪ የለ? እኔም ደመወዙን ሙሉውን ይዤ፣ ከአሻም ተበድሬ፣ ሁለት ኩንታል ሩዝ፣ አምስት ካርቶን ፓስታ፣ አንድ ካርቶን የዱቄት ወተት ገዛሁ። ለስድስት ወር ተገላገልኩ ብዬ ሚኒባሱ ላይ አስጭኜ ስመጣ ኬላው ላይ አስወረዱኝ። «ይሄ ለቤት ነው?» አለኝ ፈታሹ። መምህር ነኝ፣ ለልጆቼ ነው አልኩት። «መምህር ሁለት ኩንታል ይበላል?» ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ሳቁ። ሕግ ነው፣ አልፈርድበትም። ሁሉንም አስቀሩት። አጠገቤ ተቀምጣ የነበረች አንዲት ሴትዮ በእግሯ ሥር አሥር ኪሎ ሩዝ አስቀምጣ በሰላም አለፈች። አንቺም እንደ እሷ ነበርሽ፤ የምትይዢውን መጠን ታውቂ ነበር። ይኼን የሚያህል ነገር አለማወቄን ለነጃት ስነግራት «እማዬ ከአሥር ኪሎ በላይ አትይዝም እኮ ነበር» አለችኝ። ልጅሽ የምታውቀውን እኔ አላውቅም።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ዝናቡ አንድ ጊዜ ቀረ፣ ሁለተኛውም ቀረ። የመንደሩ ቢርካ፣ ያ የዝናብ ውሃ የምናጠራቅምበት ጉድጓድ፣ ታቹ ተሰነጣጥቆ ልጆች ገብተው ይጫወቱበት ጀመር። ውሃ በቦቴ ከጅጅጋ እየመጣ በጀሪካን ይሸጥልን ነበር፣ እሱም በመጣ ጊዜ ነው። ስድስቱን ፍየሎችሽን ታውቂያቸዋለሽ። አንቺ ብትኖሪ ሰማዩን አይተሽ ሥጋቸው ሳይለቃቸው ትሸጫቸው ነበር። እኔ ይዘንባል አልኩ። አሻ «መዓሊም፣ ሽጥ» አለችኝ፤ አንድ ሳምንት ልጠብቅ አልኳት። ሁለቱ ሞቱ። አራቱን ወደ ገበያ ስወስዳቸው በመንገድ ላይ አንዷን ተሸክሜያት ነበር። የሰጡኝን ብር ልነግርሽ አፍራለሁ። ቡራቡሬዋን፣ ሀያት «የኔ ናት» የምትላትን፣ ገዢው በቀንዷ ሲጎትታት ወደ እኔ ዞራ አየችኝ።

ሀያት የታመመችው በዚያው ሰሞን ነው። ውሃው ይሁን ምግቡ አላውቅም፣ ሆዷን አማት፣ አልቆም አለ። ጤና ጣቢያ አምስት ቀን አስተኛኋት። ክንዷን ስይዘው ጣቶቼ ተገናኝተው ይተርፋሉ። ነጃት ከእሷ ጋር ታድራለች፣ እኔ ቀን አስተምራለሁ። ክፍል ገብቼ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ምን እንደምጽፍ ይጠፋኝ ነበር። አላህ ረዳንና ዳነች። ስትወጣ ግን ለመራመድ ግድግዳ ትይዝ ነበር።

ወሬው ኤረር ደርሶ እህትሽ ዘይነብ መጣች። ድሬዳዋና ሐረርን አቋርጣ፣ በጅጅጋ በኩል፣ ሁለት ቀን ተጉዛ ነው የመጣችው። ብርቱካንና ተምር ይዛ ነበር። ሀያትን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስታበላት ልጅቷ እንዴት እንደበላች ብታዪ! ማታ ዘይነብ ቀስ ብላ ነገረችኝ። «ልውሰዳት። ለጊዜው ነው። ዝናብ ሲመጣ ትወስዳታለህ» አለችኝ። እሷ ልጅ እንዳልወለደች ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን አንድም ቃል አላነሳችም።

እኔ እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም።  እሺ ብል ልጄን ሰጠሁ ማለት ነው፣ እምቢ ብል ነገ ምን ላብላት? ዝም አልኩ። ዘይነብም ዝምታዬን እንደ እሺታ ወሰደችው፣ ልክ ነበረች።

ጠዋት ልብሷን ያሰረችላት ነጃት ናት። ሚኒባሱ ድረስ እኔና ነጃት ሸኘናቸው። ሀያት እኔም የምሄድ መስሏት ቦታ ያዘችልኝ፣ ከጎኗ ያለውን ወንበር በእጇ እየመታች «አባ፣ እዚህ!» ትለኛለች። «እከተልሻለሁ» አልኳት። ዋሸኋት። መኪናው ሲነሳ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። አላለቀሰችም። በመስኮቱ እየሳቀች እጇን አወዛወዘችልኝ፤ ስላመነችኝ ነው።

ነጃት አንድ ሳምንት አላናገረችኝም። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ሰላምታ ትመልስልኛለች፣ ሌላ ቃል የለም። በስምንተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት የለችም። አሻ ቤት አገኘኋት። መሬት ተቀምጣ፣ ጆንያ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ወስፌ ይዛለች። ነጋዴው ሥራውን ሰጥቷት ነበር። ተነሺ ልላት አፌን ከፈትኩ፣ ያ «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው የድሮ ቃሌ እንደገና ምላሴ ላይ መጣ። እሷ ቀና ብላ «ሀያትን ለማምጣት ነው» አለችኝና መስፋቷን ቀጠለች።

ምን እላታለሁ? ተማሪ ናት፤ ማጥናት አለባት። ግን ሌላ ምን ይዤ ነው የምከለክላት? እኔ የቻልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከቤት ውስጥ አውጥቼ ነፋስ ባለበት ከዛፉ ሥር አስቀመጥኳት፤ አፍና አፍንጫዋንም በንጹሕ ጨርቅ ሸፈንኩላት። ተጨንቄ ስቋጥርላት «አባ፣ መተንፈስ አልቻልኩም እኮ» ብላ ሳቀች። ከሳምንት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቋ ነው። አሁን ከትምህርት በኋላ ሁለት ሰዓት ትሰፋለች። ለአንቺ መከልከል የማይገባኝን ከለከልኩ፣ ለእሷ መፍቀድ የማይገባኝን ፈቀድኩ። በሁለቱም ትክክል አልሆንኩም።

ዝናቡ መጣ፣ ሰዓዳዬ። ዘገየ እንጂ መጣ። ቢርካው ሞላ፤ አሻ ማሽላ ዘራች፤ መንደሩ አረንጓዴ ለበሰ። እኔ ግን ሀያትን አላመጣኋትም። ዝናብ ፍየል ላለው ሰው ነው የሚመጣው፤ የእኔ ደመወዝ ያው ነው። አንድ ወር ይለፍ አልኩ፣ ሌላም ወር ይለፍ አልኩ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን ነጃት የሰበሰበችውን ብር እጄ ላይ አስቀመጠችና «ሂድ» አለችኝ።

ሄድኩ። ኤረር ሞቃት ነው፤ የዘይነብ ግቢ ግን ብርቱካኑ ጥላ ነው። ሀያት ከዛፎቹ መካከል ወጥታ ስታየኝ ቆመች። ወፍራለች። ጸጉሯ በሁለት ተሠርቷል፣ እግሯ ላይ ጫማ አለ። ወደ እኔ አልሮጠችም። ወደ ዘይነብ ዞራ «እማ፣ አባ መጣ!» አለቻት።

እማ አለቻት። ዘይነብ ደንግጣ አየችኝ። እኔ እንዳልሰማ ሆንኩ።

ሦስት ቀን አደርኩ። በሦስተኛው ቀን ለዘይነብ ልወስዳት ነው የመጣሁት አልኳት። እሷ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ከዚያ «ልጅህ ናት፣ ውሰዳት ካልክ አልከለክልህም። ግን እዚያ ምን ልታበላት ነው?» አለችኝ። በክፋት አይደለም፤ እንባዋ እየወረደ ነው። መልስ ፈለግሁ። ሻሹ፣ ቋጠሮዎቹ፣ ነጃት ከዛፉ ሥር፣ ሁሉም በዓይኔ መጡ። 

ጠዋት ብቻዬን ልነሳ ስል ሀያት ቦርሳዬን እስከ በሩ ተሸከመችልኝ። በሩ ጋ ስንደርስ «አባ፣ የድሮዋ እማዬ ስትናገር ድምጿ እንዴት ነበር?» አለችኝ። መርሳት ጀምራለች፣ ሰዓዳ። የጠየቀችኝ እየረሳች መሆኑ ስለገባት ይመስለኛል።  «ጥሩ ነበር» አልኳት። ትንሽ ጠበቀችኝ። ሌላ እንደማይመጣ ስታውቅ ቦርሳውን ሰጥታኝ ወደ ዛፎቹ ተመለሰች።

አሥራ ስድስት ዓመት አብሬሽ ኖሬ ልጄ ስትጠይቀኝ «ጥሩ ነበር» ብቻ! በመንገድ ሁሉ ድምፅሽን ስፈልግ መጣሁ። አሻ የነገረችኝን፣ ነጃት የምታስታውሰውን፣ እኔም የሰማሁትን እያሰባሰብኩ ነው። ይኼን ደብዳቤ የምጽፍልሽም በዚህ ምክንያት ነው፤ በሌላ ደብተር ላይ ደግሞ ለሀያት እየጻፍኩላት ነው። መቼ እንደማመጣት አላውቅም። እንደማመጣትም መማል አልችልም፤ አንድ ጊዜ ዋሽቻታለሁ፣ አንቺን ደግሞ አልዋሽም። እስከዚያ በየዓመቱ እሄዳለሁ፤ በሄድኩ ቁጥር ስለ አንቺ አንድ ነገር ይዤላት እሄዳለሁ። ባዶ እጄን አልሄድም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የማነብላትን ጽፌ ጨርሻለሁ። «እናትሽ ድምጿ ዝቅ ያለና ትንሽ ሻካራ ነበር። ስትስቅ ድምፅ አታወጣም፣ ትከሻዋ ነው የሚስቀው። አንቺን ስትጠራ ስምሽን ታስረዝመውና መጨረሻው ላይ እንደ ጥያቄ ከፍ ታደርገዋለች። እስክትመጪ ድረስም ሁለተኛ አትጠራሽም፤ ቆማ ትጠብቅሻለች።»

ያንቺው ሰዒድ